የሐጃ ኢንሻራህ ደበርጃን

በየሕንፃው ሳትማር ሐኪም የሆነች፣ ሳትጠራ የምትመጣ፣ ሳትጠየቅ የምትመልስ አንዲት ሴት አትጠፋም። በግብፅዋ ታንታ ከተማ የምንኖርበትን ባለ አምስት ፎቅ የሚገዙት ክብርት ሐጃ ኢንሻራህ ናቸው። ቤታቸው ከደረጃው ሥር ስለሆነ የሚወጣና የሚወርድ ሁሉ በደጃቸው ያልፋል፤ የያዘውን ፌስታልም ሳያዩ አያሳልፉትም። ዋናው ግዛታቸው ግን የአራሶች አርባ ቀን ነው። ንግግራቸው ሁልጊዜ «እኔ ልንገርሽ» ብሎ ይጀምራል፤ የሚያልቅበትን እስካሁን የሰማ ሰው የለም።

አድሃምን ወልጄ ከሆስፒታል ስመለስ ሐጃ አልጋዬ ዘንድ ቀድመውኝ ደርሰው ነበር። ሙጋት የሚባለውን፣ ከተፈጨ ሥር በቅቤና በለውዝ የሚሠራውን የአራስ መጠጥ በድስት ይዘዋል። ይህን ካልጠጣሁ ወገቤ ዕድሜ ልኬን እንደማይቀና አስታወቁኝ። ጠጣሁት። አብሹንም ጠጣሁ። ወገቤ እንደነበረው አለ፤ ቀሚሶቼ ግን አንዳቸውም አልገባ አሉኝ።

በሰባተኛው ቀን ግብዣ ሕፃኑን ወንፊት ውስጥ አስተኝተው፣ ጆሮው ሥር የነሐሱን ሙቀጫ በዘነዘና እየመቱ፣ እንደ ደንቡ «እናትህን ስማ፣ አባትህን አትስማ» አሉት። ቀጥለውም፣ ከደንቡ ውጭ፣ «ሐጃ ኢንሻራህንም ስማ» ብለው ጨመሩበት። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞከርኩና ፊቴ እምቢ አለኝ። ድካም ነው ብዬ አለፍኩት።

ድካም አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ምግብ አፈር አፈር ይለኝ ጀመር። ልጁ ሲተኛ እኔን እንቅልፍ አይወስደኝም። ሲያለቅስ አብሬው አለቅሳለሁ፤ እሱ ዝም ሲል እኔ እቀጥላለሁ። ባለቤቴ ሺሃብ ምን ሆንሽ እያለ ጠየቀኝ፤ መልስ ሲያጣ መጠየቁን ተወው።

ሐጃ መልስ አያጡም። ካብሳ ነው አሉ። አርባው ቀን ሳይሞላ አዲስ የተላጨ፣ ከለቅሶ የመጣ፣ ጥሬ ሥጋ ወይም ደበርጃን የሚባለውን ሐምራዊ አትክልት የያዘ ሰው አራስ ክፍል ሲገባ እናቲቱን የሚይዛት ነገር ነው። ወዲያው ምርመራ ተከፈተ። ሺሃብ ከፀጉር ቤት በቀጥታ ወደ መኝታ ክፍል መግባቱን አመነና ሳሎን እንዲተኛ ተፈረደበት። እህቱ ደላል ደግሞ ሩዝ ሞልታ ልትሠራልኝ ሁለት ኪሎ ደበርጃን ይዛ መግባቷ በምስክር ተረጋገጠ። ምስክሯም ዳኛዋም ሐጃ ነበሩ። ምስኪን ደላል እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀችኝ። ያ ሁሉ ሰው ፌስታል ሲመረምር፣ ውስጤ ያለውን ነገር ዘወር ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

መድኃኒቱ በጁምዓ ሶላት ሰዓት ደበርጃን ላይ ሰባት ጊዜ መሻገር ነው። ሐጃ ትልቁን መርጠው ምንጣፉ መሃል አስቀመጡት። እኔ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ የማስተምር ሴትዮ፣ በሌሊት ልብሴ ደበርጃን እሻገር ጀመር። እሳቸው ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። አራተኛው ላይ እንባዬ መጣ። እየወጣልሽ ነው ብለው መቁጠራቸውን ቀጠሉ። ምንም አልወጣልኝም። ደበርጃኑን ግን ወስደው ጠብሰው በሉት።

ከዚያ በኋላ በነበረው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ልጁን አልጋው ላይ አስተኝቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሐጃ ድስታቸውን ይዘው ሲወጡ እዚያ አገኙኝ።

«ልጁስ?»

«ውስጥ ነው።»

«ብቻውን? እኔ ልንገርሽ...»

«ሐጃ፣ እባክዎ ዛሬ አይንገሩኝ። የወጣሁት እንዳልጎዳው ፈርቼ ነው። እኔ ባልኖርለት ይሻለዋል እያልኩ ነው የማስበው።»

ድስቱን መሬት አስቀመጡ። ገብተው አድሃምን አቅፈው ወጡና ጉልበታቸውን እየያዙ አጠገቤ ተቀመጡ። አምስተኛ ፎቅ ድረስ የሚሰማው ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር።

«ሁለተኛዬን ስወልድ እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር» አሉ። «ልብስ ላሰጣ ጣራ ላይ መውጣት እፈራ ነበር፤ ራሴን አላምነውም። እናቴ ደበርጃን አሻገረችኝ።»

«ዳኑ?»

«ልጁ ሁለት ዓመት ሲሞላው።»

ተናደድኩ። ከልቤ ነው የተናደድኩት። «ታዲያ እኔን ለምን አሻገሩኝ?»

«ሌላ ምን ነበረኝ?»

ልጁን ወዘወዙት። ከዚያ ከእሳቸው አፍ ይወጣል ብዬ ያልጠበቅኩትን ተናገሩ። «ይሄን እኔ አላውቀውም። ተነሺ፣ የሚያውቅ ሰው ጋ እንሂድ።»

ልጆች የሚከተቡበት ጤና ጣቢያ ሄድን። ሐኪሟ ስትጠይቀኝ ሐጃ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች ቀድመውኝ ስለመለሱ በትህትና ከክፍሉ አስወጣቻቸው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ነው አለችኝ፤ ብዙ እናቶችን፣ አንዳንዴም አባቶችን ይይዛል፣ ደግሞም ይታከማል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲመጣ ውሎ ማደር እንደሌለበት፣ በዚያው ቀን መነገር እንዳለበት አስረዳችኝ። ሺሃብን አስጠርታ ለጊዜው ብቻዬን እንዳይተወኝ ነገረችው፣ ለምታጠባ እናት የሚሆን መድኃኒት አዘዘችልኝ፣ በየሰኞው እየመጣሁ እንዳናግራትም ቀጠረችኝ። ወደ ውጭ ስወጣ ሐጃ ተራ ለሚጠብቀው ሁሉ ታሪኬን አውርተው ጨርሰዋል። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም።

ለመዳን ወራት ፈጀብኝ። ሰኞ ሰኞ አድሃምን የሚይዙልኝ እሳቸው ነበሩ፤ ስመለስ በግንቦት ሙቀት ሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አገኘዋለሁ።

ተሻሻሉ እንዳትሉ። ደበርጃን ዛሬም ከአራስ ደጃፍ ይመልሳሉ። ባለፈው ወር ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሪሃም ስትወልድ ድስታቸውን ይዘው ሲወጡ አየሁና፣ ለልጅቷ አዝኜ፣ ላስጥላት ተከተልኳቸው። በሩ ላይ ባሏን አስቁመው ፂሙን መረመሩ፤ ቀጥለውም አንተስ ትተኛለህ፣ ትስቃለህ ብለው አፋጠጡት። ባልየው ግራ ገብቶት መንገድ ለቀቀላቸው። ገብተው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ሙጋቱን አቀበሏትና አፋቸውን ከፈቱ። ያቺ የለመድናት ቃል ልትመጣ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

«ንገሪኝ» አሏት።

ከዚያ ዝም ብለው ጠበቁ። እኚህን ነገረኛ ሴትዮ ምን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅኩት በሩ ላይ ቆሜ ያን ጊዜ ነው። ሪሃም ማልቀስ ስትጀምር እጇን ያዙ እንጂ አልቆጠሩም።