የጓድ ታደገ ጂፕ ሲንቀጠቀጥ

ባለፈው ሳምንት መኪናዬ መንቀጥቀጥ ጀመረች። እኔም በዕድሜዬ እጄ ይንቀጠቀጣልና፣ መጀመሪያ ከሁለታችን የሚንቀጠቀጠው ማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወዳለ አንድ ጎማ ቤት ወሰድኳት። ባለሙያው ጎማውን ፈትቶ ማሽን ላይ ሰቀለው። ማሽኑ አዞረ አዞረና ቁጥር አሳየ።

«ጋሼ፣ በዚህ በኩል ሃያ ግራም እርሳስ ይጎድላል» አለኝ፣ ሰፈር እንዲሰማ አድርጎ።

እኔ ዞር ብዬ ከኋላዬ ሰው መኖር አለመኖሩን አየሁ። ልማድ ነው። እርሳስ ጎደለ ሲባል የሚደነግጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አለሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በደርግ ዘመን እዚሁ ሐዋሳ ጎሚስታ ነበርኩ። ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። ሥራውን የያዝኩት ከእስር በወጣሁ በሳምንቱ ነው። ዘጠኝ ወር ቀበሌ ታስሬ ነበር። ለምን እንደታሰርኩ አልናገርም። እነሱም አልነገሩኝም። ሲፈቱኝ ግን አንድ ነገር ነገሩኝ። ሁለተኛ ስምህ ከተነሳ ወደዚህ አትመለስም አሉኝ። ደስ ሊለኝ ነበር። ኋላ ሳስበው፣ ወዴት እንደምሄድ አልነገሩኝም።

አሠሪዬ ጋሽ ኤርሚያስ ከወላይታ የመጡ ደግ ሰው ነበሩ። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ የሚዘምሩት ጎማ ቤት ውስጥ ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሁሉን አስተማሩኝ፤ ከአንድ ነገር በቀር። ጎማው በሚገጠምበት ብረት፣ በቸርኬው ጠርዝ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ እርሳስ አለች አይደል? እሷ ምን እንደምትሠራ እሳቸውም አያውቁም ነበር። የፋብሪካ ማኅተም ናት ይሉኝ ነበር። መኪናው ከተሸጠ በኋላ ቆሻሻ ከመያዝ በቀር ጥቅም የላትም። ስለዚህ ጎማ በመጣ ቁጥር በመዶሻ እነቅላታለሁ። ንጽሕና እወዳለሁ።

የነቀልኩትን አልጥልም። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ ላሚሶ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ወዳጅ ነበረኝ። መረብ ወደ ታች እንዲሰጥም ግርጌው ላይ ክብደት ይፈልጋል። በዚያ ዘመን እርሳስ ከየት ይመጣል? ከእኔ። እርሳስ እወስድለታለሁ፣ ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ ይሰጠኛል። ሐዋሳ ውስጥ ከእኔ በላይ ዓሣ የበላ ጎሚስታ አልነበረም። የከተማው መኪና ሁሉ ደግሞ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለቱን ነገር ያገናኘ ሰው አልነበረም። ሹፌሩ መንገዱን ይራገማል፤ እኔ ዓሣዬን እበላለሁ።

ጓድ ታደገ የሚባል ካድሬ ነበር። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ሳይል ስብሰባ አይዘጋም። አረንጓዴ ጂፑን ራሱ ነው የሚነዳው። ከተማ ውስጥም ይበራል፤ እሱን የሚያስቆም ትራፊክ አልተወለደም። እኛ ጋ አንድ ጊዜ ጎማ ካስለጠፈ ወዲህ ጂፑ እንደ ከበሮ ይጮህ ነበር። ገና ከሩቅ ጉዱማሌ ሳለ የበሮቹና የጀሪካኑ ኳኳታ እኛ ጋ ይሰማል። ያኔ ጋሽ ኤርሚያስ ስለ ጌታ የጀመሩትን መዝሙር ስለ ላብ አደሩ አድርገው ይጨርሱታል። ዜማውን እንኳ አይቀይሩም።

አንድ ቀን ጠዋት ጓድ ታደገ እኛ በር ላይ ቆመ። ሲነዳ መሪው እጁ ላይ ይጨፍራል። በሦስተኛው ቀን ማታ የበላይ አካል እንግዳ ከሻሸመኔ ተቀብሎ በዚሁ ጂፕ ያመጣል። ጂፑ የተበላሸው ጎማው እዚህ ከተለጠፈ ወዲህ ነው። ይህን ሁሉ ለጋሽ ኤርሚያስ ነገራቸውና ወደ እኔ ዞረ።

«ይሄ ቴክኒክ ነው ወይስ አሻጥር?»

በዚያን ጊዜ አሻጥር የተባለ ነገር ማስረጃ አይፈልግም። ቃሉ ይበቃዋል። ቴክኒክ ነው አልኩ።

«እንግዲያው እንግዳው ሳይመጣ ይስተካከላል። ካልተስተካከለ አሻጥር ነው።»

የመጀመሪያውን ቀን መሪውን ፈትተን ገጠምን። ቡሎን አጠበቅን። ግራሶ ቀየርን። ጋሽ ኤርሚያስ ኮፈኑ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩ። ጂፑ ያው ነው።

በሁለተኛው ቀን ከሞያሌ የሚመለስ የፒክአፕ ሹፌር ጎማ ሊያስለጥፍ ገባ። እኔ እንደ ልማዴ እርሳሷ ላይ መዶሻ ሳነሳ እጄን ያዘኝ። እሷን ከነቀልክ እስከ አዲስ አበባ መሪውን አንተ ትይዝልኛለህ ወይ አለኝ። ከዚያ አስረዳኝ። ጎማ ሁሉ እኩል አይከብድም። አንድ ጎኑ ከከበደ ሲሮጥ ይዘላል፤ እርሳሷ የቀለለውን ጎን ትሞላለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ። የከተማው መኪና ሁሉ አንድ በአንድ ፊቴ አለፈ። ለካ አሻጥረኛው እኔ ነኝ። ከሁሉ ያናደደኝ ደግሞ ጓድ ታደገ ልክ መሆኑ ነው።

አሞራ ገደል እየሮጥኩ ወረድኩ። ላሚሶን እርሳሱን መልስልኝ አልኩት። ሳቀብኝ። ዓሣዬን መልስና ውሰድ አለኝ። የትኛውን ዓሣ? ስለ ጓድ ታደገ ስነግረው ሳቁን አቆመ። መረቡን ከጀልባው አውጥቶ እርሳሶቹን በቢላዋ እየፈለቀቀ መዳፌ ላይ ቆጠረልኝ። እስከዚያ ድንጋይ አስርበታለሁ አለ። የችግር ቀን ወዳጅ ወሬ አያበዛም።

በሦስተኛው ቀን ጎማውን በክሪክ አንስቼ በእጄ አዞርኩ። ከባዱ ጎን ወርዶ ከታች ቆመ። ከላይ በኩል እርሳስ በመዶሻ መትቼ ለጠፍኩ። ደግሜ አዞርኩ። ሲከብድ ቀነስኩ፣ ሲቀል ጨመርኩ። ጎማው የፈለገበት ቦታ መቆም ሲጀምር ወደሚቀጥለው ሄድኩ። አራቱንም እንዲህ አደረግኩ። እርሳሱ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። በቤንዚን አጠብኩት። ቤንዚን የጠጣ ዓሣ መሽተት ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ ጓድ ታደገ ለሙከራ ከጎኑ አስቀመጠኝና የሻሸመኔን መንገድ ያዘ። ስልሳ ገባ። ሰማንያ ገባ። ጂፑ ዝም። ድሮ ጥርሱ ስለሚንቀጫቀጭ መኪና ውስጥ አይናገርም ነበር። አሁን ሻሸመኔ ደርሰን እስክንመለስ ስለ አሻጥር ንግግር አደረገልኝ። እንዲያ ባለ ለስላሳ ጉዞ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተሠቃይቼ አላውቅም።

እንግዳው በሰላም ገባ። ጂፑ በቆመበት ሁሉ ሥሩ ድመት ይሰበሰባል፣ አጠገቡም አባ ኮዳ የሚሉት አንድ ትልቅ የሐይቅ ወፍ አንገቱን ቀብሮ ይቆማል እንጂ ሌላ እንከን አልተገኘበትም። እኔም ዳንኩ።

ዳንኩ ወይ?

ጓድ ታደገ አሁን የትም የሚደርሰው ሳይሰማ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ የኅብረት ሱቁን ሻጭ በጓሮ በር ስኳር ሲያወጣ ያዘው። ላሚሶን ዓሣውን ለማኅበሩ ሳያስረክብ ሲሸጥ ያዘው፤ መረቡን ወረሰው። ጋሽ ኤርሚያስን ዓይናቸውን ጨፍነው ሦስተኛው አዝማች ላይ ሳሉ ያዛቸው። ሰኞ ቀበሌ ሄዱ። ማክሰኞ ተመለሱ። ምን እንደሆኑ አልጠየቅኳቸውም፤ እኔ የዚያን ቤት ጠባይ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ አልዘመሩም። ጎማ ቤቱ የመዶሻ ድምፅ ብቻ ሆነ።

ላሚሶ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«እርሳሱን ሰጠሁህ። ሰውየው መረቡን ወሰደ» አለኝና ሄደ።

በሳምንቱ ጂፑ ለግራሶ መጣ። ጓድ ታደገ ሻይ ሊጠጣ ወጣ አለ። ከፊት ቀኝ ጎማ ሥር ተቀመጥኩ። መዶሻውን አነሳሁ። ዘጠኙ ወር ትዝ አለኝ። መዶሻውን አስቀመጥኩ። ቀና ስል ጋሽ ኤርሚያስ ያዩኛል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና መዝሙር እንደሚጀምር ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መታሁ። አንዲት እርሳስ ኪሴ ገባች።

በማግስቱ ከጉዱማሌ በኩል ኳኳታው ተሰማ። የኅብረት ሱቁ የጓሮ በር ተዘጋ። ጂፑ መጥቶ እኛ ጋ ቆመ።

«ቴክኒክ ነው ወይስ አሻጥር?»

«ቴክኒክ ነው ጓድ። መንገዱ ጎድቶት ነው። ከአርባ በታች ሲነዱት ይሻለዋል።»

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። ይህን ጂፕ ካንተ በላይ የሚያውቀው የለም አለ። እውነቱን ነው።

በላብ አደሮች ቀን ምስጉን ሠራተኛ ተብዬ ከራሱ ከጓድ ታደገ እጅ ምስክር ወረቀት ተቀበልኩ። እርሳሷ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ጋሽ ኤርሚያስ ከሕዝቡ ጋር ስለ ላብ አደሩ ዘመሩ፤ ዜማው የጌታ ነበር። ላሚሶ አዲስ መረብ ሲያስር እርሳሷን ወሰደ።

ሳላጠፋ ዘጠኝ ወር ታሰርኩ። ሳላውቅ ሳጠፋ ሦስት ቀን ተሰጠኝ። አውቄ ሳጠፋ ተሸለምኩ።

ማሽኑ አጠገብ ባለሙያው አሁንም መዶሻውን ይዞ ይጠብቀኛል።

«ጋሼ፣ እርሳሷን ልምታት?»

«ምታት» አልኩት። «ግን ቀስ ብለህ ተናገር።»