ግማሽ ራስ፣ አምስት ለምን

(አንድ ወንበር ብቻ ያላት ጠባብ ፀጉር ቤት። ከኮርኒሱ ላይ ጫፉን ቀይ ጨርቅ ያሰረ ገመድ ተንጠልጥሏል። ገመዱ ሲሳብ ደወል ይጮኻል፤ ፀጉር መቁረጫው ቶንዶስም መብራቱ ይቋረጥና ጸጥ ይላል። ይህን ሁሉ ከቶዮታ ፋብሪካ አሠራር ቀድቶ የዘረጋው የቤቱ ባለቤት ነው። ሰፈርተኛው «ሊቁ» ይለዋል፤ ግማሹ ለማክበር፣ ግማሹ ለማላገጥ። ወንበሩ ላይ ያለው የትልቋ እህቱ ባል ነው፤ ሾፌር። ራሱ በቀኝ በኩል ተላጭቶ ያበራል፣ በግራ በኩል ጫካው እንዳለ ነው። ዛሬ የሊቁ ታናሽ እህት ሰርግ ነው። ደወሉ አሁን ጮኾ ማብቃቱ ነው።)

ሊቁ፦ ደግሞ ሳብከው?

ሾፌሩ፦ ደግሞ ሳብኩት።

ሊቁ፦ አንተ ሰው፣ ገመድ አይተህ አታውቅም?

ሾፌሩ፦ «ስህተት ያየ ሁሉ ይሳብ» ብለህ ግድግዳው ላይ የጻፍከው አንተ አይደለህ?

ሊቁ፦ ስህተት ያየ! አሁን ምን አየህ?

ሾፌሩ፦ ዝንብ።

ሊቁ፦ ዝንብ!

ሾፌሩ፦ መስታወቱ ላይ ዐርፋለች። ከዚህ ሆኜ ሳያት ግን አፍንጫዬ ላይ ናት።

ሊቁ፦ ለዝንብ ተብሎ ሥራ ይቆማል?

ሾፌሩ፦ እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ? ቶዮታ ፋብሪካ ዝንብ ሲገባ ምን ያደርጋሉ?

(ሾፌሩ በመስታወቱ አሾልኮ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ሞኝ እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ሚስቱ ጆሮው ሥር መጥታ «ወንድሜን ያዝልኝ» ብላዋለች። ሊቁ ለሰርጉ ንግግር አዘጋጅቷል፤ ርእሱም ቶዮታ ነው። «የንግግሩ ሰዓት እስኪያልፍ ከያዝክልኝ፣ ሙሽራዋን ከአዳራሹ ይዛ የምትወጣው ያንተ መኪና ናት» ብላ ምላለታለች። መኪናዋ ደጅ ቆማለች። ነጭ፣ አሮጌ ቶዮታ፤ ታጥባ፣ ታሽታ፣ በሪባን ተጠፍራ። ለእሷ ክብር ሲል ሾፌሩ ግማሽ ራሱን አይደለም አንገቱንም ይሰጣል።)

ሊቁ፦ ቶዮታ ዘንድ ዝንብ አይገባም።

ሾፌሩ፦ ለምን?

ሊቁ፦ (ፊቱ በርቶ) አንድ! ሕጉን ታውቀዋለህ። ገመድ ከተሳበ አምስት ጊዜ «ለምን» ተብሎ የነገሩ ሥር ካልተገኘ ቶንዶስ አይነሳም።

ሾፌሩ፦ ለምን አምስት? ሦስት አይበቃም?

ሊቁ፦ ሁለት!

ሾፌሩ፦ ኧረ ይሄ አይቆጠርም!

ሊቁ፦ ተቆጥሯል። ስማኝ፤ የነገሩ አባት የአናጢ ልጅ ነበር። የሽመና ማሽን ሠራ።

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ የጠየቅኩህ ስለ ቶዮታ ነው።

ሊቁ፦ የምነግርህም ስለ ቶዮታ ነው! ክር ሲበጠስበት ራሱን በራሱ የሚያቆም ማሽን ሠራ። አንዲት ክር ብጥስ ስትል ማሽኑ ቀጥ!

ሾፌሩ፦ እና ክሩ እየተበጠሰ ሲያስቸግራቸው ሽመናውን ትተው መኪና ገቡ?

ሊቁ፦ ማን አስቸገራቸው አለህ? ጥበቡ እኮ መቆሙ ላይ ነው!

ሾፌሩ፦ እንግዲያማ የጎረቤቴ መኪና ጥበበኛ ናት። በየመንገዱ ቀጥ ነው።

ሊቁ፦ ምን ዓይነት ናት?

ሾፌሩ፦ እሱም አያውቅም። ከሦስት መኪና ተለቃቅማ የተሠራች ናት።

ሊቁ፦ (እየተንጎራደደ) ልጁ ደግሞ መኪና ካልሠራሁ አለ። የቤተሰቡ ስም «ቶዮዳ» ነው። መኪናው ላይ ሲደርሱ «ቶዮታ» አደረጉት። በእነሱ አጻጻፍ ስምንት ጭረት ሆኖ ይወጣል፤ ስምንት ደግሞ ገድ ነው ይላሉ።

ሾፌሩ፦ የአባታቸውን ስም ለገድ ብለው ነካኩት?

ሊቁ፦ ነካኩት!

ሾፌሩ፦ የኔ አባት ቢሆን ከመቃብሩ ወጥቶ በከዘራ ይለኝ ነበር።

(ሊቁ የቀሩትን ሦስት ለምኖች ረስቶ ማብሪያውን መለሰው። ቶንዶሱ መጮኽ ጀመረ፣ ወደ ግራው ጫካ ተጠጋ። ሾፌሩ ሰዓቱን አየ። ገና ነው። እጁን ሰቅሎ ገመዱን ሳበው። ደወል። ጸጥታ።)

ሊቁ፦ ምን ሆንክ!

ሾፌሩ፦ ስህተት አየሁ።

ሊቁ፦ ምን ስህተት?

ሾፌሩ፦ ግራዬ ከቀኜ ረዝሟል።

ሊቁ፦ ገና ስላልቆረጥኩት ነዋ!

ሾፌሩ፦ ለምን አልቆረጥከውም?

ሊቁ፦ ገመዱን ስለሳብከው!

ሾፌሩ፦ ለምን ሳብኩት?

ሊቁ፦ ግራህ ስለረዘመ... (ቆም ብሎ) ቆይ፣ ቆይ። ግራ አታጋባኝ።

ሾፌሩ፦ ሌላ ቶንዶስ የለህም? ገመድ የሌለው?

ሊቁ፦ ክምችት ብክነት ነው! ቶዮታ የሚለው የሚያስፈልገውን ነገር፣ በሚያስፈልግበት ጊዜ፣ በሚያስፈልገው ልክ ነው።

ሾፌሩ፦ አሁን እኮ አስፈለገ።

(ሊቁ ይህን እንዳልሰማ አለፈው። ከአንዱ መሳቢያ መቀስ አውጥቶ መወልወል ጀመረ። ለሰርግ የቸኮለ ወንድም አይመስልም፤ ሾፌሩ ግን በራሱ ተንኮል ተጠምዶ ይህን ልብ አላለውም።)

ሊቁ፦ ደግሞ እወቅ። መጀመሪያ የሠሩት የጭነት መኪና መንገድ ላይ እየቆመ ፍዳቸውን አብልቷቸዋል።

ሾፌሩ፦ (ጨርቁ አንገቱ ላይ እንዳለ ብድግ ብሎ) እንዳትደግመው!

ሊቁ፦ ታሪክ ነው!

ሾፌሩ፦ ቶዮታ አይበላሽም! የኔዋ አንድ ቀን ተበላሽታ አታውቅም።

ሊቁ፦ ባለፈው ወር ገፍተናት አልነበር?

ሾፌሩ፦ ነዳጅ ሳልቀዳላት ነው። ጥፋቱ የኔ እንጂ የእሷ አይደለም።

ሊቁ፦ ዳገቱ ላይስ? ስትጨስ?

ሾፌሩ፦ ውኃ ሳልሞላላት ነው። ሰው ውኃ ሲጠማው ተበላሸ ይባላል? አንተ ዕድሜህን ሙሉ ስለ ቶዮታ ታወራለህ፣ ብስክሌት እንኳ የለህም። ጋቢና ተቀምጠህ በር ስትዘጋ እኔ ነኝ የማፍረው። እንደ ድስት ክዳን ነው የምትወረውረው።

ሊቁ፦ አንተ ደግሞ ዕድሜህን ሙሉ ትነዳታለህ፣ ከየት እንደመጣች አታውቅም!

ሾፌሩ፦ አውቃለሁ። ከድሮ ጌታዋ ነው የገዛኋት።

ሊቁ፦ (ድምፁ ዝቅ ብሎ) ስማኝማ። ትልቅነቱ አለመቆሙ ላይ አይደለም። መኪናው የቆመበት ድረስ እየሄዱ ይጠግኑ ነበር። ለምን ቆመ? ለምን? እያሉ። ስም የሚገኘው ባለመውደቅ አይደለም ወዳጄ፤ የወደቀውን ሄዶ በማንሳት ነው።

(ሾፌሩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ነገሩ ልቡን ነካው። ይህን ሰው አታልሎ ማስቀረቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበደው። ግን ደግሞ የራሱ ሰርግ ቀን ይኸው ሰው ያደረገው ንግግር ትዝ አለው፤ ሙሽራዋ ትከሻው ላይ ተኝታ፣ እንግዳው አንድ በአንድ ሹልክ ብሎ ሄዶ፣ ወንበር የሚሰበስቡት ሰዎች ብቻ ቀርተው። ሰዓቱን አየ። አልፏል! የንግግሩ ሰዓት አልፏል። አሁን ቀጥታ ወደ መኪናው ነው።)

ሾፌሩ፦ በል ጋሼ፣ ቶሎ ጨርስልኝ። ግራውንም ላጭ አድርገው።

ሊቁ፦ (መቀሱን ወደ ብርሃን አንስቶ እያየ) ምን አስቸኮለህ?

ሾፌሩ፦ ሰርግ አለብን እኮ!

ሊቁ፦ አለብን። ሰርግ የትም አይሄድም።

(ሊቁ ተራመደ፣ እጁን ሰቀለ፣ ገመዱን ራሱ ሳበው። ደወሉ ጮኸ።)

ሾፌሩ፦ እንዴ! አንተ ደግሞ ምን ስህተት አየህ?

ሊቁ፦ አንተን። ለምን ቸኮልክ? አንድ።

ሾፌሩ፦ ሙሽራዋን ከአዳራሽ ላወጣ ነዋ! በመኪናዬ!

ሊቁ፦ ለምን ባንተ መኪና? ሁለት።

ሾፌሩ፦ ቃል ተገብቶልኛል።

ሊቁ፦ ለምን ተገባልህ? ሦስት።

ሾፌሩ፦ እ... ለሠራሁት ሥራ።

ሊቁ፦ ስትሠራ አላየሁህም። ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ወንበር ላይ ነህ።

ሾፌሩ፦ (ላብ ላብ እያለው) ሥራው እሱ ነው። ወንበሩ ላይ መሆን። አንተን ይዞ መቆየት።

ሊቁ፦ እኔን ለምን? አራት።

ሾፌሩ፦ ንግግር እንዳታደርግ።

(ዝንቧ ተነስታ ሌላ ቦታ ዐረፈች። ሊቁ መቀሱን መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ።)

ሊቁ፦ ለምን?

ሾፌሩ፦ (ሊቁን ሳያይ) አምስት። እሱን እንኳ ባትጠይቀኝ ይሻላል።

ሊቁ፦ ማን ነው የላከህ?

ሾፌሩ፦ እህትህ። ትልቋ።

(ሊቁ አፍጥጦ አየው። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሾፌሩ አለቀሰ ብሎ ደነገጠ። ሳቅ ነበር።)

ሊቁ፦ እኔንም ሚስትህ ናት የላከችኝ።

ሾፌሩ፦ ምን?

ሊቁ፦ ጠዋት መጥታ «ባሌን ያዝልኝ» አለች። «የተከራየነው ጥቁር መኪና ሙሽራዋን ይዞ እስኪሄድ እንዳትለቀው፤ ያንን ሪባን የተጠመጠመበት ጉዱን ይዞ ከመጣ አለቅን። ከያዝክልኝ እራት ላይ ንግግርህን ታደርጋለህ» ብላ ማለች።

ሾፌሩ፦ መኪናዬን ነው ጉድ ያለችው?

ሊቁ፦ ንግግሬን ምን እንዳለችው አልነገርከኝም።

ሾፌሩ፦ እና ዝንቧን ስናገር፣ ክሩን ስጠይቅ...

ሊቁ፦ በልቤ «እሰይ፣ ይህ ደነዝ በራሱ እጅ ጊዜ ይገድልልኛል» እል ነበር።

ሾፌሩ፦ እኔም አንተን እንደዚያ ነበር የምልህ! (ግንባሩን መትቶ) አይ ሴቶች! ሁለት ሆነው ተመካከሩብን!

ሊቁ፦ የምን ሁለት? እህቴና ሚስትህ አንድ ሴት ናት እኮ!

ሾፌሩ፦ (አሰበበት) ብቻዋን ነው የሠራችን?

ሊቁ፦ ብቻዋን።

(የሾፌሩ ስልክ ጮኸ። አነሳው፤ «እሺ... እሺ... እሱም አለ... እሺ» ብሎ ዘጋው።)

ሊቁ፦ ምን አለች?

ሾፌሩ፦ ሙሽራዋ በጥቁሩ መኪና ሄደች። እራቱም ቀድሞ ተበልቶ አበቃ። «ሁለታችሁም ተባረኩ፤ ሰርግ እንዲህ አምሮ አያውቅም» ትላለች።

(ሊቁ ባዶው የደንበኛ አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ። የደረት ኪሱን ዳሰሰ፤ ንግግሩ እዚያ ነው። አላወጣውም። ያስተማራት፣ ያሳደጋት ታናሽ እህቱ ሰርግ ነበር። ሾፌሩ ይህን ሲያይ ጥቁሩ መኪና እንኳ ለጊዜው ተረሳው።)

ሾፌሩ፦ ጋሼ... ምን ልትላቸው ነበር?

ሊቁ፦ ተወው።

ሾፌሩ፦ ንገረኝ። ገመዱን አልስብም።

ሊቁ፦ (እጆቹን እያየ) «እህቴ ሆይ፣ አንተም አማቼ፤ በትዳራችሁ ክር ሲበጠስ ዝም ብላችሁ አትሸምኑ። ቁሙ። ለምን ተበጠሰ ብላችሁ ተጠያየቁ። ቀጥሉት። ከዚያ ሽመናችሁን ቀጥሉ።»

ሾፌሩ፦ ይቺን ነው?

(ሊቁ አንገቱን ደፋ።)

ሾፌሩ፦ (ዓይኑን በአንገቱ ጨርቅ እየጠረገ) በድየሃለሁ ጋሼ። ይቺንማ ቢሰሙ ኖሮ የጥቁሩ መኪና ሾፌር ሳይቀር ያለቅስ ነበር። ተነስ። ተነስ እንሂድ። ሙሽራ የሌላት ያማረች መኪና ደጅ ቆማለች። ከኋላ ትቀመጣለህ፤ ክላክስ እየነፋሁ ቤትህ አደርስሃለሁ።

ሊቁ፦ ራስህስ? ግማሹ ቀረ እኮ።

ሾፌሩ፦ ሪባን ተርፏል፤ እሱን አስርበታለሁ።

(ወጡ። ሾፌሩ የኋላውን በር ለሙሽራ እንደሚከፈት ጎንበስ ብሎ ከፈተለት። ሊቁ በሩን እንደ ድስት ክዳን ዘጋው፤ ሾፌሩ ዛሬ ይቅር አለው። መኪናዋ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ግማሽ ራሱ የሚያበራ ሾፌር እና ሪባን መካከል የተቀመጠ ፀጉር ቆራጭ ክላክስ እያስጮኹ በጎዳናው ሄዱ። ሾፌሩ ደስ አለው። ያኔ ከኋላው የወረቀት መንኮሻኮሽ ሰማ።)

ሊቁ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) ይህ እንግዲህ መግቢያው ነበር።

ሾፌሩ፦ ምኑ?

ሊቁ፦ ክሩ። አሁን ወደ ዋናው ንግግር ልግባ። ምዕራፍ አንድ፤ የአናጢው ልጅ ልደትና አስተዳደግ።

(የሾፌሩ እጅ ሳያስበው ወደ ጣሪያው ሄደ። መኪናዋ ገመድ የላትም። መሪዋ ላይ ዝቅ አለ።)

ሾፌሩ፦ (በሹክሹክታ፣ ለመኪናዋ) እናቴ፣ በማርያም፣ ዛሬን ብቻ ተበላሺልኝ።

(አልተበላሸችም።)