ሦስተኛ ጊዜ የሚጨምር አይዋሽም

ፖከር የሚባለውን የካርታ ቁማር የሚጫወት ሰው ሁሉ በዕድሜው አንድ ፕሮፌሰር አያጣም። አሸንፈኸው ስታበቃ እንዴት ማሸነፍ እንደነበረብህ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳህ ማለት ነው። ለእኛ ለምዕራብ ቴክሳሶች የደረሱን ክቡር ፕሮፌሰር ኦርቪል ታትም ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው ዩኒቨርሲቲ የለም፤ ዕድሜ ልካቸውን ጎማ ሲሸጡ ኖረው ጡረታ ወጡ።

የምርምር ዘርፋቸው አንዲት ቅጽበት ናት። የመጨረሻዋ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ተገልጣለች፤ አንዱ ያስይዛል፣ ሌላው ይጨምርበታል፣ የመጀመሪያው ደግሞ መልሶ ይጨምርበታል። ይህችን ሦስተኛዋን ጭማሪ ፕሮፌሰሩ እንደ ዳዊት ይደግሟታል። "ሦስተኛ ጊዜ የሚጨምር አይዋሽም" ይላሉ። መካከለኛ ካርታ ይዘህ ከሞከርካት ደግሞ ወዮልህ፤ "ካርታው ካንተ የባሰው አይከፍልህም፣ የተሻለው አይሸሽህም፤ ታዲያ ምን ልሁን ብለህ ነው?"

የጨዋታ ጓደኛችን የዱፊ ቀብር ላይ ስለ ሟች ጥቂት እንዲናገሩ ተጋበዙ። "ደግ ሰው ነበር፤ ብቻ መካከለኛ ካርታ ይዞ መልሶ ይጨምር ነበር" አሉ። ባልቴቲቱ አለቀሰች፤ በየትኛው እንደሆነ አላጣራንም።

የሚሰማቸው ግን አልነበረም። ገና "አየህ፣ የመጨረሻዋ ካርታ ላይ" ሲሉ ጠረጴዛው ሁሉ ቺሊ የሚሉትን የሥጋ ወጥ ሊጨምር ወደ ድስቱ ይነሣል። ሚስታቸው ሎሬታም "እኔ ጆሮዬን የዘጋሁት ድሮ ነው፤ ባልዘጋ ይሄን ጊዜ ባል የለኝም" ትላለች።

ዘንድሮ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋዎች ባዘጋጁት የፖከር ውድድር ሽልማቱ ባለሞተር ጀልባ ነበር። ፕሮፌሰሩ እንደዚያ የተመኙት ነገር አላውቅም። ጀልባው ገና እሳት አደጋዎቹ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳለ እሳቸው መጎተቻውን ሠርተው፣ በሰማያዊ ጣውላ ላይ "ሎሬታ" ብለው ጽፈው ጨርሰዋል።

"ስሜን ውሃ ላይ ሳላየው መቃብሬ ላይ አየዋለሁ" አለች ባለስሟ።

መጨረሻ ላይ እሳቸውና እኔ ቀረን። የመጨረሻዋ ካርታ ተገልጣለች፤ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ካርታዎች ሦስቱ ልብ የተሳለባቸው ናቸው። እጁ ላይ ሁለት ልብ የያዘ አምስት ልብ ይሞላለታል፣ ጌታ ነው፤ ከሁለቱ አንዷ ከሁሉ የምትበልጠው የልብ አስ የሆነችለት ደግሞ የጌቶች ጌታ። አስዋ እኔ ዘንድ ናት። አጠገቧ ያለችው ግን የማትረባ ጥቁር ሰባት፤ በአጭሩ ባዶ ነኝ። አስያዝኩ። ፕሮፌሰሩ ወዲያው ጨመሩና ፈገግ አሉ።

ያኔ አንድ ትምህርታቸው ሳልጠራው ጆሮዬ ውስጥ መጣ። "ትልቋ ካርታ አንተ እጅ ካለች እሱ እጅ የለችም።" ሲናገሩት ይሄማ ለሎሬታ ድመትም ይገባታል ብዬ ስቄ ነበር። በገንዘብ ፋንታ የምንጫወትበትን ጠጠር ያለኝን ሁሉ ወደ መሐል ገፋሁ።

"ቨርን፣" አሉኝ፣ "ሦስተኛ ጊዜ የሚጨምር አይዋሽም።"

"እርስዎ ካሉ እውነት ነው።"

ብዙ አሰቡ። ጨዋታውን ትተው ንጉሥ ያለበትን ሁለት ልባቸውን ገልጠው ጣሉና "እስቲ አሳየኝ" አሉ። ግዴታ የለብኝም፤ ግን አሳየኋቸው። አስዋን አዩ፣ ሰባቷን አዩ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ለጀልባው መሰለኝ።

"ሎሬታ፣ ነይማ" አሉ። "ለካ ይሄ ልጅ ሲሰማኝ ኖሯል።"

"ማን፣ ቨርን? አይመስለኝም።"

ለአዳራሹ ሁሉ ሲያስረዱ የሚቀጥለውን ዙር ካርታቸውን ሳያዩ ተጫወቱ፤ የተረፋቸውንም ጠጠር በላሁት።

ጣውላውን ጀልባዬ ላይ ራሴ መታሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ ፕሮፌሰሩ ከኋላ ተቀምጠው መንጠቆ አጣጣሌ እንዴት እንደማይሆን ያስተምሩኛል። ሐይቅ መሐል ደግሞ የምሸሽበት ቺሊ የለም። ዓሣም ይዘን አናውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ጉንፋን አስቀራቸው። ብቻዬን ወጥቼ ባልዲ ሙሉ ዓሣ ያዝኩ፤ እንደዚያ የሰለቸኝ ቀን ግን የለም። ባልዲውን ይዤ በቀጥታ ቤታቸው ሄድኩና አልጋቸው ዳር ተቀመጥኩ።

"ፕሮፌሰር፣ የቱ ላይ ነው የተሳሳትኩት?" አልኳቸው።

ትራሱን ደገፍ ብለው ቀና አሉ።