ለጠፈር አደጋ የተሰፋው ልብስ

የጭብጨባን አጀማመር እንጂ አጨራረሱን የሚያውቅ ሰው አላየሁም። በዚያ ዘመን እንደ እኔ ከቀበሌ ስብሰባ የማይቀር ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። አንዱ ከፊት ወንበር ይጀምራል፣ ጎረቤቱ ላለማነስ ይከተላል፣ ከኋላ የተቀመጥነው ሴቶችም ምን እንደተባለ ባንሰማ እንኳ እናግዛለን። መንገድ ሊሠራላችሁ ነው ሲሉን አጨብጭበናል፤ መንገዱ ዘግይቷል ሲሉንም አጨብጭበናል። ክፋት የለውም። አጨብጭቦ የሞተ ሰው የለም። እየተጨበጨበለት ግን ሰው ሊሞት ይችላል። ይህን ያወቅሁት በልጄ ነው።

ልጄ ጥሩዬ ያኔ ፍኖተ ሰላም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ትምህርቱ በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚሰጥበት ጊዜ ነው፤ መስኮቱ ውስጥ ያለው መምህር ተማሪ ገባው አልገባው ሳይል መንገዱን ይቀጥላል። አንድ ቀን እንደ ልማዱ እየሮጠ ስለ ጠፈር ነገራት። እዚያ አየር የለም፤ መርከቧ ከተቀደደች ሰው ወዲያው ራሱን ይስታል። ጥሩዬ ቤት ገብታ ደብተሯን እንኳ ሳታስቀምጥ፣

“እማዬ፣ ራሱን የሳተውን ሰው ማን ይሸከመዋል?” አለችኝ።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያለፍሁ አይደለሁም። ስለ ጠፈር አላውቅም፤ ስለ መሸከም ግን አውቃለሁ። ከማንኩሳ ገጠር ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ስትመጣ፣ ወንዶቹ ትከሻ እየተቀያየሩ ሆስፒታል ያደርሷታል።

“ጎረቤት ነዋ!” አልኋት።

“እዚያ ጎረቤት የለም።”

“እንግዲያ ምን ሊሠሩ ሄዱ?”

በዚያው ሳምንት ልብስ መስፋት ጀመረች።

ልብሱ እንዲህ ነው። የለበሰው ሰው ራሱን ቢስት፣ ልብሱ በሞተር ኃይል ያነሣውና ያራምደዋል፤ እጁንም እያወዛወዘ “አለሁ፣ ድረሱልኝ” የሚል ምልክት ያሳያል። በሐሳብ ማለቴ ነው። በተግባር የተገኘው ከአሮጌ አይሱዙ የተፈታ አንድ የዝናብ መጥረጊያ ሞተርና አንድ የባጃጅ ባትሪ ስለሆነ፣ የሚንቀሳቀሰው ቀኝ እጅ ብቻ ሆነ። እግሩ ወደፊት ይታሰብበታል ተባለ፤ ያኔ ወደፊት የማይታሰብበት ነገር አልነበረም። ገላው ከማዳበሪያ ከረጢት ተሰፋ፤ ውስጡ በላስቲክ ተለበጠ። የራስ ቁሩ የእኔ ባልዲ ነው፤ ፊቱ ተቆርጦ ከውሃ ጠርሙስ መስኮት ወጣለት። ጥሩዬ ያቺን መስኮት እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቃት። ቤት ውስጥ ራሷን የሳተች መስላ መውደቅ ስትለማመድ፣ ሁልጊዜ ግራ እጇ ቀድሞ መሬት ይነካል፤ ባልዲው እንዳይጋጭ።

የወላጆች ቀን በዐቢይ ጾም ዋለ። ጥሩዬ ቅዳሴ እስኪወጣ ስለምትጾም ውሃ እንኳ አልቀመሰችም፤ የመጋቢትን ፀሐይ ደግሞ እናንተም ታውቋታላችሁ። ከተማሪዎች ሥራ የተመረጠው ቡሬ ለሚደረገው ኤግዚቢሽን ያልፋል ስለተባለ፣ የፊዚክስ መምህሯ ባልዲውን ከከረጢቱ ጋር ዙሪያውን በፕላስተር አሸገው። በልምምዱ ጊዜ ታሽጎ አያውቅም ነበር።

“በጠፈር መርፌ የምታህል ቀዳዳ ሰው ትገድላለች” አለ ለወላጆች።

እውነቱን ነው። ያለነው ፍኖተ ሰላም መሆኑን ግን መምህሩም፣ ልጄም፣ እኔም ዘነጋነው።

ጥሩዬ ሜዳው መሐል ቆመች። ሞተሩ ተነሣ፤ እጇ ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረ። መምህሩ በድምፅ ማጉያ ስለ መርከቧ፣ ስለ ጠፈሩ፣ ስለ አየሩ ማለቅ ተረከ፣ ተረከ። የትረካው መጨረሻ ሳይደርስ ጥሩዬ ወደቀች። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ግራ እጇ አልቀደመም። ባልዲው መሬቱን ሲመታ ከተቀመጥሁበት ተሰማኝ።

“እመቤቴ!” ብዬ ተነሣሁ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ እንጉዳይ ነጠላዬን ጨምድዳ ያዘችኝ። “ተቀመጪ እታለም! አታበላሺባት፤ እንዴት አድርጋ እንደወደቀች አላየሽም?”

“አላስመሰለችም እኮ! ልጄ ታፍናለች!”

“ኧረ ወዲያ! ይኸው ሰላም እያለችሽ!”

እውነትም ቀኝ እጇ እየተወዛወዘ ነው። ችግሩም ይኸው ነበር። ልጄ ራሷን ስታለች፤ ልብሱ ግን ለሕዝቡ ደኅና ናት ይላል። ሰው ሁሉ ልብሱን አመነ። ነጠላዬን ለእንጉዳይ ትቼላት ሮጥሁ።

አንድ አስተናጋጅ መንገድ ላይ እጁን ዘርግቶ፣ “እናት፣ ገና ነው! ሁለተኛው ክፍል ይቀራል!” አለኝ። በእጁ ሥር አለፍሁ። ጭብጨባው ባሰ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ የክብር እንግዳው ጎንበስ ብለው “እናት ሆና የምትጫወተው ሴት ግሩም ናት” ብለዋል።

ፕላስተሩን በጥርሴ ቀደድሁት። ባልዲው ሲነሣ የልጄ ፊት አመድ መስሏል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። በመጀመሪያ ዝም ያለው የፊተኛው ወንበር ነው፤ ቀጥሎ መሐሉ። የኋላዎቹ ያቆሙት ልጅቱን ከከረጢቱ ጎትቼ አውጥቼ ውሃ በደፋሁባት ጊዜ ነው። አየር በሌለበት ሊያድናት የተሰፋ ልብስ፣ እግዜር አየሩን በነፃ በሰጠን አገር ልጄን ሊያሳጣኝ ነበር።

ሳለች። እንደገና ሳለች። ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ ያየችው እኔን አይደለም፤ ከረጢቱን ነው።

“እማዬ… ቀደድሽው?”

አላለቀስሁም። ብትሰሙኝ ደስ ነው ያለኝ፤ የሚቆጣ ሰው ይተነፍሳል።

ባዶው ልብስ ግን አቧራው ላይ ተጋድሞ እጁን ማወዛወዙን አላቋረጠም። ማን ትዝ ብሎት ሞተሩን ያጥፋው? የክብር እንግዳው ሲወጡ አይተውት እጃቸውን አነሡለት።

በሳምንቱ ልብሱ ለቡሬ መመረጡ ተነገረን። ጥሩዬ ልሂድ አለች። አልከለከልኋትም፤ ግን ልብሱ ውስጥ እንዳትገባ በማተቧ አስማልኋት። መምህሩ ቤት ድረስ መጥቶ፣

“ሰው ከሌለበት ምኑን የአደጋ ልብስ ሆነ?” አለኝ።

“ሰው ካስፈለገ እርስዎ ይግቡበት” አልሁት።

አሰበበት። ከዚያ ጭድ ሞሉበት።

ጥሩዬ ከቡሬ ስትመለስ ፊቷ ሊስቅም ሊያለቅስም የፈለገ ይመስል ነበር። ዳኞቹ ዙሪያውን እየዞሩ አይተውታል አሉ። በተለይ ጠፈርተኛው በአደጋ ጊዜ አለመደናገጡን አድንቀዋል። ውስጡ ማን እንዳለ የጠየቀ አልነበረም።

“አንደኛ ወጣን፣ እማዬ። አንቺ አላመንሽበትም እንጂ ጭዱ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶበት ምንም አልሆነም።”

“ምን ይሆናል ልጄ?” አልኋት፣ እራቷን እያቀረብሁ። “እሱ እናት የለው።”