ኮራል ልንጠይቅ ሄደን

እኛ ሰውን ብቻውን መተው አልፈጠረብንም። ታሟል የተባለ ሰው ካለ ሙዝና ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለን እንሄዳለን፤ ሄደንም ቶሎ አንመለስም። በሽተኛው ሕመሙ እንዴት እንደጀመረው ለመጀመሪያው ጠያቂ ይተርካል፣ ለሁለተኛው ይደግማል፤ ሲደክመው ደግሞ ታሪኩን በቃሏ ያጠናችው ሚስቱ ትቀጥልለታለች። «ትንሽ ልተኛ» ቢል «ተኛ፣ ተኛ፣ እኛ እዚሁ ነን» እንለዋለን። ይህን የምለው ልማዱን ለማማት አይደለም። እናንተም ብትሆኑ ሆስፒታል ተኝታችሁ በሩን የሚገፋ ሰው ሳይኖር ቢመሽባችሁ ምን እንደሚሰማችሁ ታውቁታላችሁ።

ጋሽ ታደለ ጎረቤቴ ናቸው። ቤታችን ከጣና ዳርቻ ብዙም አይርቅም። ወጣትነታቸውን የጨረሱት አሰብ ወደብ ላይ ክሬን ሲያንቀሳቅሱ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ወርቄም ተወልደው ያደጉት እዚያው ነበር። ባሕር ዳር ከገቡ ስንት ዘመናቸው፣ ጣናን ግን በልባቸው አልተቀበሉትም። «ይሄ እኮ ምንም አይሸትም» ይሉ ነበር፣ የጨው ሽታ ማለታቸው ነው። እትዬ ወርቄ ባለፈው ዓመት ታመው አልጋ ሲይዙ፣ አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ማርታ የጨው ውሃ አኳሪየም፣ የባሕር ዓሣ የሚያኖሩበትን የመስተዋት ሳጥን፣ ገዝታ ላከችላቸው። መስተዋቱ፣ ፓምፑ፣ ሰማያዊ መብራቱ፣ በከረጢት የታሸገ የባሕር ጨው፣ ጥቂት ድንጋይ፣ ለጀማሪ ትቀላለች የተባለች አንዲት ለስላሳ ኮራል፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ተጣብቃ የምትኖር የባሕር እንስሳ። ዓሣ አልነበረውም።

ኮራሏን ያላየ ሰው እንጉዳይ ያስብ። ወፍራም ግንድ አላት፣ ከላዩ ሰፊ ቆብ፣ ቆቡ ላይ ደግሞ እንደ ክር የቀጠኑ ብዙ ጣቶች። ጠዋት መብራቱ ሲበራ ጣቶቿን ትዘረጋና ውሃው እንደወሰዳት ትወዛወዛለች። እትዬ ወርቄ በጎናቸው ተኝተው እሷን ሲያዩ ይውላሉ። ጋሽ ታደለ የጨው መለኪያዋን ይዘው ከውሃው ጋር ይታገላሉ። እትዬ ወርቄ ጨው በሐኪም ትእዛዝ ስለተከለከሉ የቤቱ ወጥ ሁሉ አልጫ ሆኖ ነበር፤ በዚያ ቤት ጨው የሚደርሳት ኮራሏ ብቻ ነበረች።

እትዬ ወርቄ ክረምቱ ሲወጣ ዐረፉ። ለቅሶው እንደ ደንቡ ተለቀሰ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ ተነሣ። ድንኳኑ በተነሣ ሰሞን ኮራሏ ተዘጋች። ጣቶቿን ሰበሰበች፣ ቆቧን ጣለች፣ ቆዳዋም ሰም የተቀባ ይመስል አብረቀረቀ። ጋሽ ታደለ ሊጠሩኝ መጡ።

«እስቲ ና እያት፤ እሷም ልትሄድብኝ ነው» አሉኝ። «የወርቄ ዓይን መጨረሻ ያረፈባት እሷ ናት።»

ስለ ኮራል የማውቀው አንዳች ነገር አልነበረም። ይህ ግን ከመርዳት አላገደኝም። አየር ያጠራት መስሎኝ ፓምፑን አስጠግቼ ውሃው በኃይል እንዲመታት አደረግሁ። በማግሥቱ ሰፈሩ ሰማ። ጨርቅ ነጋዴዋ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ «ብርድ መቷታል» ብለው መጋረጃውን ገለጡና ፀሐይ አስመቷት። የእድራችን ዳኛ ደግሞ «በባዶ ሆዷ እንደምን ትድናለች?» ብለው ቁንጥር በሶ በተኑባት። ውሃው ደፈረሰ። ደፈረሰ ብለን ቀየርነው፤ ስንቀይረው ጨው በዛ፤ ጨው በዛ ብለን አቀጠንነው። አንዲት እናት ጠበል ጠብ አደረጉባት። ከሥራ የወጣ ሁሉ ጎራ እያለ መስተዋቱን በጣቱ መታ መታ ያደርግና «አይዞሽ» ይላታል። እሷ የባሰ ተኮማተረች። ከላይዋ ስስ ቅርፊት እየተላጠ መንሳፈፍ ሲጀምር ሁላችንም ተስፋ ቆረጥን። መበስበስ ጀመረች ማለት ነው።

ለምን የሸጠውን ሰው አልጠየቃችሁም ትሉኝ ይሆናል። ጊዜ አልነበረንም። እየረዳን ነበር።

ጋሽ ታደለ ቆሻሻ ላይ አትጣልም አሉ፤ ጓሮም አትቀበርም። «ውሃ ውስጥ የኖረች ውሃ ውስጥ ትሁን» ብለው በሳህን ያዟት፤ ተያይዘንም ወደ ጣና ወረድን። የጣና ውሃ ጨው እንደሌለው ከሁላችንም ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ፤ ለሞተች ግን ምን ለውጥ አለው? ወደ ዘጌ የሚሄደው ጀልባ ሰው እየጫነ ነበር። እኛ ከዚያ ራቅ ብለን፣ ከደንገሉ አጠገብ ቆምን። ጋሽ ታደለ ጎንበስ ብለው ለቀቋት። ሰመጠች። ከዚያ አለቀሱ። ለእትዬ ወርቄ እንደዚያ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም፤ ያኔ እንግዳ ይቀበሉ ነበር።

ሐዘናቸው ስላሳዘነኝ ሌላ ኮራል ላስመጣላቸው አሰብሁ። የሻጩን ስልክ ከማርታ ተቀብዬ ደወልሁለት። «ምን ሆና ሞተች?» አለኝ። ከመዘጋቷ ጀምሬ ቅርፊቷ እስከተላጠበት ድረስ ነገርሁት።

«ወንድሜ፣ እሷ እኮ ቆዳዋን እየቀየረች ነበር» አለኝ። «እንደዛ ያደርጋሉ። ይዘጋሉ፣ ሰም ይመስላሉ፣ ቅርፊቱ ሲወልቅ መልሰው ይከፈታሉ። የጤና ነው። ዝም ብላችሁ ብትተዋት ኖሮ ትከፈት ነበር።»

እኛ መርዶ ማርዳት እናውቅበታለን። በማለዳ ይኬዳል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ቃሉን የሚያወጣው ሽማግሌ ይመረጣል። የሞተውን ሞተ ለማለት ሥርዓት አለን። የቀበርነው በሕይወት ነበር ለማለት ግን ምንም ሥርዓት የለንም። ሌላ መንገድ ስላላወቅሁ እኔም በማለዳ ሄድሁ። ጋሽ ታደለ በሩን ከፍተው ያን ሰዓትና ያን ፊቴን ሲያዩ መቃኑን ያዙ።

«ማርታ ምን ሆነች?» አሉ።

«ማርታ ደኅና ናት ጋሼ፤ የሞተ ሰው የለም» አልሁ ቶሎ ብዬ። ከዚያ ስለ ኮራሏ ነገርኋቸው።

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና መስተዋቱን አዩ። ውሃውና ድንጋዩ እንዳሉ ናቸው፤ መብራቱም ይበራል። ይቈጡኛል ብዬ ስጠብቅ ረጋ ብለው ተናገሩ።

«ወርቄም መጨረሻ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ወደዚህ ትዞር ነበር፤ ታስታውሳለህ?»

አስታወስሁ። ብሶባቸዋል እያልን አጠገባቸው ወንበር የምንጨምረው ያኔ ነበር።

«አንድ ቀን እጄን ያዘችኝ። የምትነግረኝ ነገር ነበራት። ቤቱ ሙሉ ነው፤ ለእኛ ብሎ የመጣን ሰው ውጣልኝ እንዴት ይባላል? ሰዉ ሲወጣ እነግርሃለሁ አለችኝ።» እጃቸውን አዩት። «ሰዉ አልወጣም።»

ከሰዉ አንዱ እኔ ነበርሁ። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፤ አልተናገሩትም። እትዬ ወርቄ ምን ሊሉ እንደነበር ከእንግዲህ የሚነግረን የለም።

«እስቲ ዛሬ ብቻዬን ተዉኝ» አሉኝ።

እሺ ብዬ ወጣሁ። እትዬ ዘይነባን በሩ ላይ አገኘኋቸው። «ጋሽ ታደለ ዛሬ ብቻቸውን መሆን ይፈልጋሉ፤ ማንም ባይገባ ጥሩ ነው» አልኋቸው።

«እንደምን ብቻቸውን ይሆናሉ?» ብለው ደነገጡ።

ምሳ ሳይደርስ ሰፈሩ ሰማ። ጋሽ ታደለ ብቻቸውን ናቸው የሚለው ወሬ፣ ታመዋል ከሚለው በላይ ሰው አስደነገጠ። እትዬ ዘይነባ ሳህን ሙሉ ሳንቡሳ ይዘው ደረሱ። የእድሩ ዳኛ ከእድር ቤት አግዳሚ አስመጡ። እኔ ሰዉን ልመልስ ብዬ ገባሁ፤ ገብቶ ወዲያው መውጣት ደግሞ ነውር ስለሆነ ተቀመጥሁ።

ጋሽ ታደለ ለሁላችንም እግዜር ይስጥልኝ አሉ። ከዚያ ወንበራቸውን አዙረው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ኮራል የሌለበትን ውሃ ማየት ጀመሩ። «ዛሬስ ብሶባቸዋል» ተባብለን ተንሾካሾክን፤ ብቻቸውን እንዳያድሩም ተራ አወጣን።