ከአዝማቹ በኋላ ያለው

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ "እኔ እኮ በቴሌቪዥን ቀርቤ ነበር" የሚል ሰው አይጠፋም። አለቃ ይቀየራል፣ ወንበር ይሰበራል፣ ይህ ሰው ግን ከነታሪኩ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። አዲስ ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥር ታሪኩ ከሀ ይጀመራል።

ለእኛ ማተሚያ ቤት የደረሱን ክቡር ድምፃዊ ናቸው። በሥራ ወረቀት ቆራጭ፣ በዝምድና የእህቴ ባል፣ በራሳቸው ምስክርነት ደግሞ ጊዜ የበደላቸው ታላቅ አርቲስት። እኔ እዚያው አራሚ ነኝ፤ ያስቀጠሩኝም እሳቸው ናቸው። ቤት ውስጥ "ጋሼ" እያልኩ አንተ እላቸዋለሁ፤ በጽሑፍ ግን አንቱ ካላልኳቸው ያኮርፋሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት ክቡርነታቸው ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው በሠሩት ዘፈን የቴሌቪዥን ውድድር ገቡ። በውሰት ያገኙትን ነጭ ኮት ለብሰው እስከ አዝማቹ ድረስ አንበለበሉት። እጃቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ወደሚቀጥለው ሊያልፉ ሲሉ ሙዚቃው ቀጭ ብሎ ቆመ። አጃቢው የተቀዳበት ካሴት አልቆ ነበር። ክቡርነታቸው አፋቸውን እንደከፈቱ፣ እጃቸውን እንደሰቀሉ፣ ዓይናቸውን ወደ መድረኩ ጥግ ወርውረው ዐሥራ አንድ ሰከንድ ቆሙ። ከዚያ አስተዋዋቂው አጨብጭቦ ሸኛቸው።

ካሴቱን የቀዳሁት እኔ ነበርኩ። ያኔ ጎረምሳ ነኝ። በአዲስ ካሴት መቅዳት ሲገባኝ፣ ሌላ ዘፈን የሞላበት ካሴት ጫፍ ላይ ቀድቼ፣ ይበቃል አይበቃም ሳላይ ለቴፕ ሠራተኛው ሰጥቼ መድረኩ ጥግ ቆምኩ። ይህን ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ የክቡርነታቸው የሕይወት ዓላማ አንድ ብቻ ሆነ፤ ያቺን ዘፈን ሰው ፊት እስከ መጨረሻዋ መዝፈን። "ቁም ነገሩ ያለው ከአዝማቹ በኋላ ነው" ይላሉ። ጠዋት ይሉታል፣ ከምሳ በኋላ ይሉታል። ዕድላቸው ግን ሁልጊዜ አዝማቹ ላይ አድፍጦ ይጠብቃቸዋል። አንድ የጡረታ ሽኝት ላይ አዝማቹን እንዳደረሱ መብራት ጠፋ። በልጃቸው ልደት ኬኩ መጣ። በሥራ ሰዓት መቁረጫው ማሽን ላይ ቆመው ሲሞክሩ አለቃችን ብቅ አሉ፤ ያን ቀን የተቆረጠው አራት መቶ የደብተር ሽፋን በሁለት ጣት አጥሮ ተገኘ። አንዴማ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተቀምጠው ቢጀምሩ፣ ሐኪሟ አዝማቹ ላይ ማደንዘዣውን ወጋቻቸው።

አምና ደግሞ አንድ ሥራ ፈት ያቺን ዐሥራ አንድ ሰከንድ ከየት እንዳገኛት እንጃ፣ ኢንተርኔት ላይ ለቀቃት። በሳምንት ውስጥ የክቡርነታቸው ፊት ያልገባበት ስልክ የለም። "ሚስትህ ምንም አልሆንኩም ስትልህ" ተብሎ ተጻፈባቸው። "አሳንሰሩ መሃል ላይ ሲቆም።" "አቅፈህ የሳምከው ሰው የማታውቀው ሆኖ ሲገኝ።" አገር ሳቀ።

እኔና እህቴ መከርን። የእሳቸው ስልክ ከመደወል ሌላ ሥራ ስለማያውቅ ደብቀን እናልፈዋለን አልን። የማተሚያ ቤቱን ሰው በሙሉ አስማልኩ። መሐላው ሦስት ቀን አልቆየም፤ ገጽ አቀናባሪዋ በሳቅ ስትፈርስ ክቡርነታቸው ደረሱባት።

"እስቲ አሳዪኝ" አሉ።

ስልኩን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ሦስት ጊዜ አዩት።

"የቀረውስ?"

"የምኑ ጋሼ?" አለች ልጅቷ ሳቋን ውጣ።

"የዘፈኑ ነዋ! ይሄ እኮ ገና አዝማቹ ነው። ቁም ነገሩ የታለ?"

ብዙም ሳይቆይ አንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ጠራቸው። የፈለጓቸው ያቺን ፊት ደግመው እንዲያሳዩ ብቻ ነበር። "ፊቱን እሰጣችኋለሁ፤ ዘፈኑን ግን ታስጨርሱኛላችሁ" ብለው ቃል አስገቧቸው። እኔና እህቴ ከተመልካቹ ጋር ተቀመጥን። ፊቱን አሳዩ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አዘጋጇ ሰዓቷን ሰረቅ አድርጋ አይታ፣ "ለመሆኑ ያን ጊዜ ካሴቱን ያበላሸው ማን ነው?" ስትል ጠየቀቻቸው።

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

"እኔው ራሴ ነኝ" አሉ ክቡርነታቸው ዓይናቸውን ሳያሹ። "አሁን ልቀጥል?"

መልስም አልጠበቁ። ያለ ምንም ሙዚቃ ቀጠሉ። እውነት ለመናገር፣ ከአዝማቹ በኋላ ያለው ከአዝማቹ በፊት ካለው የሚለየው በሁለት ቃል ብቻ ነው። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። ቢሆንም እስከ መጨረሻዋ ፊደል ዘፍነው እጃቸውን አወረዱ። እህቴ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። እኚህን ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ኋላ አስቀረኋቸው።

"ጋሼ፣ ካሴቱን ያበላሸሁት እኮ እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ያን ጊዜ ወደ ማን ያየሁ መሰለህ?"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልክ?"

"ያን ሰሞን እህትህን አግቢኝ ልላት ነበር። ወንድሟን በአገር ፊት አዋርጄ በምን ዓይኔ አያታለሁ?"

"እሺ፣ ካገባሃት በኋላስ?"

ክቡርነታቸው እንደ ሞኝ አዩኝ።

"ካገባኋት በኋላማ የእኔም ወንድም ሆንክ።"