በንጹሕ ጥርስ ላይ የቀረበ ክስ

የተሸሸገውን ያለ መብራት የሚያይ፣ አጥንትን ሳይገልጥ የሚቈጥር እግዚአብሔር ይክበር ይመስገን፤ አንደበቴን ከሐሰት፣ ጆሮአችሁንም ከመሰልቸት ይጠብቅ።

ሰው ሚዛኑን ይጠራጠራል፤ ዳኛውን፣ የባጃጁንም ፍሬን ይጠራጠራል። የራሱን ሕመም ግን አይጠራጠርም። «የሚያመኝን እኔ አውቃለሁ» ካለ በኋላ የሚመልሰው የለም። እናንተም እንዲሁ ናችሁ፤ አትደብቁኝ። እኔ ግን ከሁላችሁ የባስኩ ነበርኩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የላይኛው ቀኝ ክራንቻዬ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ዜማ የማስተምር ሰው ነኝና ነገሩ የጥርስ ብቻ አልነበረም። የዜማ ተማሪ ከመምህሩ አፍ የወጣውን ሁሉ ይቀበላል፤ ጉድለቱን ከዜማው አይለይም። እኔ ራሴ የተማርኩባቸው መምህር የፊት ጥርስ አልነበራቸውምና ሲያዜሙ የምታፏጭ ነፋስ ነበረቻቸው። ያችን ነፋስ ዓመት ሙሉ ደክሜ አጠናኋት። ሚዛን ተፈሪ መጥቼ በመጀመሪያው ማኅሌት ስቆም፣ አንድ አረጋዊ ቄስ «ይህን ፉጨት የቱ ሊቅ ደረሰው?» ብለው አሳፈሩኝ። እንግዲህ ክራንቻዬ ከወለቀ ፉጨቱን ስምንት ተማሪዎቼ ሊወርሱ ነው። ሆኖም ሕመሙ ከሥጋቴ በረታና «ይነቀልልኝ» ልል ወደ ጥርስ ሐኪም ሄድኩ።

ሐኪሟ ትዕግሥት የሸኮ ልጅ ናት። በትንሿ መስታወት አየች፤ በመሣሪያዋ እጀታ አንድ በአንድ መታ መታ አደረገች።

«አባቴ፣ ክራንቻዎ ደኅና ይመስላል። ራጅ እናንሣ።»

«ልጄ፣ የሚያመው እኔን፣ የማሳይሽም እኔ። ምኑ ይፈለጋል?»

«መስታወቴ የላይ የላዩን ነው የሚያሳየኝ። ሁለት ጥርስ ተጣብቆ የቆመበትን መካከል፣ ከድድ በታች ያለውን ሥር፣ የመንጋጋውንም አጥንት አያሳየኝም። ሕመም ደግሞ በጎረቤቱ ያሳብባል።»

ተራቸውን በር ላይ ይጠብቁ የነበሩት የቡና ነጋዴው ሐጂ ሲራጅ አላስቻላቸውም። «መሪጌታ፣ እኔ እሸት ቡና ስለቀላ ብቻ አልገዛም፤ ውኃ ውስጥ እጨምረዋለሁ። ውስጡ ባዶው ይንሳፈፋል። እርስዎ ነጋዴ ቢሆኑ ኖሮ ጉድ ፈልቶብዎት ነበር!»

«እሺ፣ አንሺው» አልኩ። ተማሪ ከንባቡ ላይ ሲቆምብኝ «ወደ ትርጓሜው ውረድ!» ብዬ የምቈጣ ሰው፣ ሐኪሟ በንባብ ብቻ እንድትፈርድልኝ መጠየቄ ገባኝ። እንደ ካባ የከበደ የጨረር መከላከያ ደረበችልኝና ራሷ ከግድግዳው ኋላ ሄደች።

«ጨረሩ ደግ ከሆነ አንቺን ምን ያሸሽሻል?»

«እርስዎ ዛሬ ለጥቅሻ ያህል ነው፤ እኔ ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነኝ።»

ምስሉ ወጣ። ክራንቻዬ እስከ ሥሩ ነጭ ሆኖ ቀጥ ብሏል። ከእርሱ ኋላ ሁለተኛው ጥርስ፣ ከጎረቤቱ ጋር በተጣበቀበት ጎኑ፣ የጠቆረ ጥላ አዝሏል። ብስባሹ ቦርቡሮታል፤ እስከ ሥሩ ግን ገና አልደረሰም። ጠርጋ ሞላችው። በሁለተኛው ቀን ሕመሙ ተወኝ፤ ክራንቻዬም በቦታው ቀረ፤ ተማሪዎቼ የመስቀልን ዜማ ያለ ነፋስ ተቀበሉ።

በየእድሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትዳሩ በጎረቤቱ ጥፋት የተነቀለው ስንቱ ይሆን? ብቻ እሱን ተዉት።

ከስድስት ወር በኋላ ምንም ሳያመኝ ለምርመራ ተመለስኩ። አሁን አማኝ ነኝ። አፌን ከፍቼ ተዘጋጀሁ።

«ጨርሻለሁ አባቴ፤ ደኅና ነዎት» አለችኝ።

«ራጁስ?»

«ዛሬ አያስፈልግም። ምክንያት ሲኖር ነው እንጂ ሰው በመጣ ቁጥር አናነሣም።»

«ውስጡን ሳታዪ ምን ታውቂያለሽ?»

«የያኔውን ምስል አስቀምጫለሁ፤ አፍዎንም አየሁት። የሚቀጥለው ጊዜውን ጠብቆ ይነሣል።»

በመነሣቱ የተከራከርኳት ሰው ባለመነሣቱም ተከራከርኳት። ሁለቱንም ጊዜ ረታችኝ። ጥርሴን አዳነችው፤ ክርክሬን ግን የሚነቅል ሐኪም ገና አልተወለደም።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ ጥርሳችሁ ለሳቅ ይትረፍ፤ ከመፍረዳችሁ በፊት ወደ ውስጥ የምታዩበትን ትዕግሥት አምላክ ያድላችሁ፤ ስማችሁም በሐሰት ክስ አይነሣ። አሜን።